ያልተገጣጠመ ጨው

ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ፅዮናዊት ፀጋዬን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ የሚጠሯት ግን በተለያየ ስም ነው። ወደቡ አካባቢ ያሉት ማዳም ፅዮን ይሏታል፤ የአዲስ አበባ መስመር ሾፌሮች እትዬ ፅዮን። እናቷ ወይዘሮ አሰፋሽ ደግሞ ሲቆጡም ሲደሰቱም «አንቺ ልጅ» ነው የሚሏት፣ ልጅቷ ሃምሳን ካለፈች ብትቆይም።

የተወለደችው እዚያው ጅቡቲ ነው። አያቷ ሐዲድ ሊሠሩ መጥተው በዚያው ቀሩ፤ አባቷ አቶ ፀጋዬ በባቡር ጣቢያው ዕቃ አስረካቢ ነበሩ። ፉርጎ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣውን ዕቃ በአማርኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ እየጠሩ ያስረክባሉ። ስሙን የማያውቁት ዕቃ ሲገጥማቸውም ዝም አይሉም፤ ስም አውጥተውለት ያልፋሉ። አንድ ጊዜ በመርከብ የመጣ የጥርስ ሐኪም ወንበር «ዙፋን፣ የሚጋደም» ብለው አስረከቡና፣ ሐኪሙ ወንበሩን ፍለጋ ሲንከራተት ከርሞ በመጨረሻ ያገኘው ድሬዳዋ፣ አንድ ባለጠጋ ሳሎን ውስጥ ነው። ባለጠጋው ተጋድመውበት ነበር።

ፅዮናዊት ሥራውንም አመሉንም ወረሰች። ትራንዚተር ናት፤ ማለትም ለኢትዮጵያ አስመጪዎች የመጣውን ዕቃ አስፈትሻ፣ ወረቀቱን አስጨርሳ፣ መኪና ላይ አስጭና ትሸኛለች። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች ሲጠይቋት «ወረቀቱ አላልቅ ብሎ ነው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ የነገረችው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የጨው ነገር የመጣው ካምሲን የሚሉት አሸዋ ያዘለ ነፋስ በሚነፍስበት ወራት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኬሚካል አስመጪ በሁለት መርከብ ሁለት ዕቃ አስመጣ። አንደኛው በበርሜል የታሸገ ሶዲየም ነው፤ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚቀመጥ፣ በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ሲሆን ውሃ ከነካው ይነዳል። ሁለተኛው ክሎሪን ነው፤ የመጠጥ ውሃ የሚታከምበት፣ ካመለጠ ግን ሳንባ የሚያቃጥል ቢጫ አረንጓዴ ጋዝ፣ በወፍራም ሲሊንደር የተሞላ። ሁለቱም ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ የግል መጋዘን ግቢ አረፉ፤ በርሜሎቹ በአንድ ጥግ፣ ሲሊንደሮቹ በሌላው።

የግቢው ዋና ፈታሽ ሙሕሲን ይባላል። ጉቦ የማይበላ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሕግ የሚወድ ሰው ነው። ሁለት ሕጎች ሲጋጩበት ደግሞ ሁለቱንም እኩል ይወዳል። ብረቱ እንዲወጣ በግቢው ውስጥ መርዛም ጋዝ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያስፈልጋል አለ። ጋዙ እንዲወጣ ደግሞ በግቢው ውስጥ የሚነድ ብረት አለመኖሩ ይረጋገጥ። ብረቱ ጋዙ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ጋዙ ብረቱ እስኪወጣ። ፅዮናዊት በመካከላቸው ስትመላለስ ጫማዋ አለቀ።

በግቢው ውስጥ አነስተኛ ላቦራቶሪ አለ፤ ባለሙያዋ ናዒማ ናት። የሚገባውን ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው ሁሉ የምትመረምር፣ ነገርን ሳታስረዳ የማትለቅ ወጣት። አንድ ቀን ፅዮናዊት ከሙቀቱ ሸሽታ ላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ሥር ተቀምጣ ሳለ፣ እነዚህ ሁለቱ ቢገናኙ ምን ይሆናሉ ብላ ጠየቀቻት።

«ጨው ይሆናሉ» አለች ናዒማ። «ሶዲየም ዳር ላይ አንዲት ኤሌክትሮን አለችው፤ እሷን ለመልቀቅ አይቸገርም። ክሎሪን ደግሞ አንዲት ጎድላዋለች፤ ካላገኘ አያርፍም። ሲገናኙ ብረቱ ይሰጣል፣ ጋዙ ይወስዳል። የሰጠው ፖዘቲቭ፣ የወሰደው ኔጌቲቭ ይሆንና ይሳሳባሉ፤ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይላቀቁም። ይኸው ነው ጨው ማለት። እንቁላል ላይ የሚነሰንሱት።»

«መርዝና እሳት ተገናኝተው?»

«አዎ። ሲገናኙ ግን አጠገባቸው አይቁሙ።»

ፅዮናዊት ከዚያ ወጥታ ሙሕሲን ቢሮ ገባች። ሙሕሲን ያን ዕለት ጠዋት አንድ ኮንቴነር ያልተገጣጠመ ብስክሌት ሲያሳልፍ አርፍዶ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ፔዳል ተቀምጧል። እሷ ደክሟታል፣ ነፋሱ አሸዋ አፏ ውስጥ ከቶባታል፣ የአባቷም አመል አለባት።

«ሙሲዬ ሙሕሲን፣ እኔና እርስዎ ሳናውቀው ነው እንጂ ይኼ እኮ ጨው ነው» አለችው። «ያልተገጣጠመ ጨው።»

ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር። ሙሕሲን አልሳቀም። ፔዳሉን አንስቶ አገላበጠው። ያልተገጣጠመ ዕቃ እንደተገጣጠመው እንደሚቆጠር፣ ብስክሌት ተበትኖ ቢመጣም ብስክሌት መሆኑን፣ ይህም ግልጽ ሕግ መሆኑን ቀስ ብሎ አስረዳት። ክፍሎቹ በሙሉ አሉ ወይ ሲል ጠየቀ። አሉ አለችው። የሚገጥማቸው ብሎን ያስፈልጋል? አያስፈልግም፣ በራሳቸው ነው የሚገጥሙት አለችው። ሙሕሲን ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት ያላየችው እርካታ ታየ። ጨው የሚነድ ብረት አይደለም፤ መርዛም ጋዝም አይደለም። ሁለቱም ወረቀቶች አያስፈልጉትም። ዕቃው በዚያው ሰዓት ጨው ተብሎ ተመዘገበ።

ፅዮናዊት ያን ቀን ደስ ብሏት ነው ወደ ቤቷ የሄደችው። በማግስቱ ስትመለስ ግን ሙሕሲን እንቅልፍ አጥቶ እንዳደረ ያስታውቃል። ኤሌክትሮኗ አሳስባዋለች። ናዒማን አስጠርቶ፣ ብረቱ ኤሌክትሮኗን ሲሰጥ በምትኩ ምን ያገኛል ብሎ ጠየቃት። ምንም አለች። እንግዲያው ሽያጭ አይደለም፣ ስጦታ ነው ማለት ነው አለ። ስጦታ ራሱን የቻለ ክፍል ስላለው ሰጪና ተቀባይ በስም መታወቅ አለባቸው። ናዒማ በትዕግሥት፣ ሰጪዎቹ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ብረት እያንዳንዱ አቶም እንደሆነና ስማቸውን መዘርዘር እንደማይቻል አስረዳችው። ሙሕሲን አሰበ፣ አሰበና ስጦታው ገና ስላልተፈጸመ ለጊዜው ይለፍ አለ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ መጣ። ይህ የሚሆነው ለሶዲየምና ለክሎሪን ብቻ ነው ወይ? አይደለም አለች ናዒማ፤ ብዙ ብረቶች ብረት ካልሆኑ ነገሮች ጋር ሲገናኙ እንዲሁ ይሰጣሉ፣ እነዚያም ይወስዳሉ፤ ፖታሲየምና ክሎሪን፣ ማግኒዢየምና አዮዲን፣ ካልሲየምና ፍሎሪን፣ የሚወጣውን ሁሉ በኬሚስትሪ ጨው ይሉታል። ሙሕሲን ወደ መስኮቱ ሄዶ ግቢውን ተመለከተ። በአንድ በኩል የማግኒዢየም ቸርኬ የተከመረበት ረድፍ አለ፤ በሌላ በኩል የመድኃኒት መደብር አዮዲን። ግቢው በሙሉ ያልተገጣጠመ ጨው እንዳይሆን ፈርቶ መስኮቱን ዘጋው።

ጨው ምግብ ነው። ምግብ ከሆነ ደግሞ ይመረመራል። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ የገበታ ጨው አዮዲን ሊኖረው ስለሚገባ ከተገጣጠመው ጨው ናሙና ተወስዶ ይታይ ተባለ። ናዒማ መጀመሪያ እምቢ አለች። በኋላ ግን፣ አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ በሲሊንደሩና በበርሜሉ ሲታገል ከምታይ፣ እሷው በጥንቃቄ ብታደርገው እንደሚሻል ተረዳች። ጋዝ በሚስበው የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ሽምብራ የምታህል ሶዲየም አሙቃ፣ ክሎሪን በሞላበት ጠርሙስ ውስጥ አወረደችው። ፅዮናዊት፣ ሙሕሲንና የግቢው ፎርክሊፍት ነጂ ኡበይድ ከመስታወቱ ወዲህ ቆመው ያያሉ።

ብረቱ ነደደ። እንደ መንገድ መብራት ያለ ቢጫ ብርሃን ክፍሉን ሞላው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ጢስ ተግተለተለና ቀስ እያለ ግድግዳው ላይ እንደ አመዳይ አረፈ። አረንጓዴው ጋዝ የለም። ብረቱም የለም። ኡበይድ ቢስሚላሂ አለ። ሙሕሲን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፤ ከብርሃኑ ይሁን ከሌላ ነገር አላወቁም። ፅዮናዊት ደግሞ ወደ መስታወቱ ተጠጋች። ዕድሜዋን ሙሉ በስማቸው ብቻ የምታውቃቸው ዕቃዎች ስማቸውን ሲጥሉ አይታ አታውቅም ነበር፤ ይህን የነገረችኝ እሷው ናት።

ናዒማ አመዳዩን በውሃ አሟሟችው፣ ውሃውን አፍልታ አደረቀችው፣ የቀረውን ነጭ ነገር መረመረችው። ንጹሕ ጨው ነው። አዮዲን የለውም። ስለዚህ ለሰው ምግብ አይሆንም ብላ ፈረመች፤ ሌላ ልትፈርም የምትችለው ነገር አልነበራትም።

ይህን ጊዜ ፅዮናዊት የገባችበትን ነገር አየችው። ለከብት የሚላስ ጨው ይባል አለች። ለዚያም የእንስሳት ሐኪም መጣ፤ በርሜሉን ዞሮ አየው፣ ሲሊንደሩን በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ የትኛው እንስሳ ነው የሚልሰው ብሎ ጠየቀ። የተቀበለውን ሻይ ጠጥቶ ሳይፈርም ሄደ። በመጨረሻ «ለፋብሪካ የሚሆን ጨው» በሚለው ተስማሙ።

ወሬው በዚህ መካከል አርሂባ ገባ። ፅዮናዊት ጨው እያስመጣች ነው ተባለ። ጅቡቲ! ከከተማው ራቅ ብሎ ያለ ሐይቅ ዳሩ ሁሉ በጨው የተነጠፈበት አገር! ወይዘሮ አሰፋሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰዎች በአዘኔታ እንደሚያዩዋቸው ገባቸው። ጎረቤታቸው ወለተማርያም ሳትጠየቅ አንድ ኩባያ ጨው ይዛ መጣች። ቀጥሎ ከላይኛው ፎቅ አንዲት የመናዊት በሳህን ሸፍና ላከች። ሳምንቱ ሳያልቅ የእነ ፅዮናዊት ቤት ጨው አጥቷል የሚለው ወሬ ከፎቅ ወደ ፎቅ ተላለፈና ማእድ ቤቱ በጨው ተሞላ። ወይዘሮ አሰፋሽ የመጣላቸውን መመለስ ነውር ስለሆነባቸው እያመሰገኑ ይቀበላሉ፤ በሩን ከዘጉ በኋላ ያለቅሳሉ።

«አንቺ ልጅ» አሏት አንድ ቀን፣ «አባትሽ ስንት ዕቃ በስሙ አሳልፏል። እንዲህ ያለ ነገር ግን ቤቱ አምጥቶ አያውቅም።»

«ጨው አይደለም እማዬ። ገና ነው።»

«ገና ነው ማለት ምን ማለት ነው?»

ፅዮናዊት ኤሌክትሮኗን ልታስረዳቸው ሞከረች። ወይዘሮ አሰፋሽ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ የሰጠውን ብረት አመሰገኑት፣ የወሰደውን ጋዝ ግን አልወደዱትም።

ዕቃው ሊወጣ ሲል የመጨረሻው ችግር ተከሰተ። የአንድ ዕቃ ክፍሎች በአንድ የመውጫ ወረቀት አብረው መሄድ አለባቸው። ጎማው ዛሬ፣ መሪው ነገ አይባልም። ሆኖም የጥንቃቄው ሕግ እነዚህ ሁለቱ በአንድ መኪና አይጫኑ፣ አይጠጋጉ ይላል። ሙሕሲን ሁለቱንም ሕጎች አክብሮ በሁለት ተሳቢ፣ በአንድ ወረቀት፣ በዓይን እየተያዩ ሳይቀራረቡ ይሂዱ ብሎ ወሰነ። ወረቀቱ አንድ ስለሆነ በሁለቱ መካከል በሚሄድ መኪና ይያዝ። ያዧም ማዳም ፅዮን ትሁን።

ፅዮናዊት በኢትዮጵያ ዕቃ ጉዳይ ስትከራከር የኖረች ሴት ብትሆንም ኢትዮጵያን ያየችው አንዴ ነው፤ በልጅነቷ ለአክስቷ ሠርግ ድሬዳዋ ሄዳ። ከዚያ ወዲያ ድንበሩ ድረስ እንኳ አልሄደችም። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ኡበይድ የሚነዳው ፒክአፕ ላይ ወጣች።

ብረቱን የጫነው ሾፌር ባንቴ ነው፣ ጋዙን የጫነው መሳፍንት። ሁለቱ ተኮራርፈዋል። መሳፍንት የባንቴን ክሪክ ተውሶ ሌላ ክሪክ መለሰለት። የመለሰው ከተዋሰው ይሻላል፤ ባንቴን ያናደደውም እሱ ነው። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ሲያድሩ እንኳ ዓሣ የሚበሉት በተለያየ ቤት ነው። መንገድ ላይ አንዱ ሌላው እንዲፈጥን ወይም እንዲዘገይ ሲፈልግ ለፅዮናዊት ይደውላል። በአራት ቋንቋ ስታስተረጉም የኖረች ሴት ያን ቀን ከአማርኛ ወደ አማርኛ ስታስተረጉም ዋለች።

ኬላዎቹ ደግሞ የባሱ ነበሩ። ባንቴ ይቆማል፤ ፅዮናዊት ወረቀቱን ታሳያለች፤ ጠባቂው የቀረው ጨው የታለ ይላል። ከኋላ ነው፣ ይመጣል። ይጠብቃሉ። መሳፍንት ሲቃረብ እንዳይጠጋጉ ባንቴ ወደ ፊት መሄድ አለበት። ባንቴ ከሄደ ጨው ይጎድላል። አንዱ ጠባቂ በመጨረሻ ጫማውን አውልቆ ፒክአፑ ጣሪያ ላይ ወጣና ባንቴን ከወዲያ፣ መሳፍንትን ከወዲህ በአንድ ጊዜ አያቸው።

«ሁለቱም ጨው ናቸው?» አለ ከላይ ሆኖ።

«ሁለቱም አይደሉም» አለችው። «አንድ ላይ ናቸው እንጂ።»

ጠባቂው ከጣሪያው ወርዶ ጫማውን አደረገና አሳለፋቸው።

ድንበሩ ጋ ሲደርሱ በኢትዮጵያ በኩል ያለው ባለሙያ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። የአስመጪው ፈቃድ እሱ ዘንድ ቀድሞ ደርሶታል። አለቃው ጋ ደወለ፤ ፅዮናዊት አጠገቡ ቆማ ትሰማለች። ዕቃው ምንድን ነው ተባለ። ሶዲየምና ክሎሪን። ፈቃዱስ? የሶዲየምና የክሎሪን። ታዲያ ምን ቸገረህ? ወረቀቱ ጨው ይላል። አለቃው አንድ ጥያቄ ጨመረ።

«ጨው ሆኗል?»

«ኧረ አልሆነም ጌታዬ።»

«እንግዲያው አሳልፋቸው።»

ባለሙያው ሁለት መስመር ጻፈ፤ አንዱን ለብረቱ፣ አንዱን ለጋዙ። ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ፅዮናዊት ደስ ሊላት ሲገባ እንደ መክፋት አላት። ወራት የለፋችበትን ነገር ሰውዬው በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር አድርጎ ጨረሰው። አምሽተው ሲመለሱ ኡበይድ ምን እንደሆነች ጠየቃት፤ አሸዋው ነው አለችው። ባንቴና መሳፍንት ከድንበሩ በኋላ እንደ ፈለጉ መሄድ ስለቻሉ፣ ባንቴ አንድ ሙሉ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ገባ። አሁንም አይነጋገሩም።

ሙሕሲን ከዚያ ወዲህ ያልተገጣጠመ ነገር ሲመጣበት መጀመሪያ ናዒማን ይጠራል። ናዒማ ብስክሌት መሆኑን አረጋግጣ ትመለሳለች።

ፅዮናዊት ግን ስም ወጣላት። ያልተገጣጠመ ነገር የምታሳልፍ ሴት አለች ተብሎ ካርቲየ 4 ድረስ ተወራ። አንዱ ዱቄትና ስኳር ይዞ ኬክ አስብዪልኝ አላት፤ አባረረችው። አንድ ጠዋት ግን ዮሳዲቅ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ መጥቶ በሯ ላይ ቆመ። ሚስቱ ድሬዳዋ ናት። በቤተሰብ ፈቃድ ሊያመጣት ሲጠይቅ፣ አብረው የሚኖሩ ቤተሰብ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ ይሉታል፤ አብረው እንዳይኖሩ ደግሞ ፈቃዱ የለም።

«ያልተገጣጠመ ቤተሰብ ብለው ያስገቡልኝ እትዬ» አላት። የሚቀልድ አይመስልም።

ሰው ዕቃ አይደለም፣ እኔ ሰው አላስገባም አለችው። እሺ አለ፤ ነገር ግን አልሄደም። ዱቄት የነካው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆመ። ልጅ አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። አንድ ሴት ልጅ አለች፣ እናቷ ጋ ናት፣ እኔን በስልክ ነው የምታውቀኝ አላት።

ፅዮናዊት ወንበር ሰጠችው። ከዚያ ሙሕሲን ጋ ደወለች፤ የወንድሙ ሚስት እንዲህ ያለው ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ እንደምትሠራ ታውቃለች። ሙሕሲን ስልኩን አንስቶ ድምፅዋን ሲሰማ ምን እንደመጣ በጥንቃቄ ጠየቃት። ዕቃ አይደለም አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ስም ሳታወጣለት እንዳለ ተናገረች፦ ባል እዚህ፣ ሚስትና ልጅ እዚያ። ሙሕሲንም እንዳለ ሰማት፤ የትኛው ቢሮ፣ የትኛው መስኮት፣ እኩለ ቀን ላይ ጫት መጥቶ ቢሮው ከመበተኑ በፊት በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለባቸው ነገራት።

አብራው ሄደች። ብዙ ጠዋት ተሰለፉ፤ አንዳንዱን ቀን ወይዘሮ አሰፋሽ ምሳ አስይዘው ይልኳቸው ነበር። የዮሳዲቅ ሚስትና ልጅ በባቡር የመጡ ዕለት ፅዮናዊት ጣቢያው ድረስ ሄዳ ተቀበለቻቸው። ልጅቷ አባቷን ስታየው መጀመሪያ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች፤ ዮሳዲቅም ወደ እሷ ልሂድ ወይስ ትምጣ ብሎ ግራ ተጋብቶ ቆመ። ፅዮናዊት ሻንጣውን ከመካከላቸው አንስታ ወደ ታክሲው ይዛው ሄደች።